በሕፃናቱ እርምጃ፦ ስለ በዓል ጉዞና ስለ ቤተሰብ መሰባሰብ



የመስቀል በዓል በተቃረበ ቁጥር ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ ጉራጌ አገር የሚወስዱ መንገዶች በተጓዦች ይሞላሉ። ዓመቱን ሙሉ በሥራ ምክንያት ተበታትኖ የኖረ ቤተሰብ፣ ለመስከረም 16 ደመራና ለመስከረም 17 ክብረ በዓል በአባት ቤት ለመገናኘት ይጣደፋል። እናት በአገር ቤት ሆና ቅቤዋን ስታጠራቅም ከርማለች፤ አባትም ሰንጋውን አዘጋጅቷል። ከከተማ ከሚመጣው ስጦታ ሁሉ በላይ የሚናፈቀው ግን ዓምና በእቅፍ የነበረው፣ ዘንድሮ ድክ ድክ ማለት የጀመረው የልጅ ልጅ ነው።

እኛም በቁምስና አገልግሎታችን ይህን ጉዞ ለብዙ ዓመታት አይተናል። ደስታውን እንዳየን ሁሉ በደስታው መካከል የሚፈሰውን የሕፃን እንባም አይተናል። ከሌሊቱ እንቅልፉ ተቀስቅሶ በተጨናነቀ አውቶቡስ የተጓዘ፣ እንደ ደረሰም ከእቅፍ ወደ እቅፍ ሲተላለፍ የዋለ፣ የለመደው ምግብና መኝታ የተለወጠበት ልጅ ያለቅሳል። እናት ታፍራለች፣ አባት ይቆጣል፣ አያት ይከፋቸዋል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ የበዓላችን ጉዞ መመራት ያለበት በማን እርምጃ ነው?

1. ያዕቆብ ለወንድሙ የሰጠው መልስ

ያዕቆብ በላባ ዘንድ 20 ዓመት ከኖረ በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ወንድሙ ዔሳው 400 ሰዎችን አስከትሎ ሊቀበለው መጣ (ዘፍ. 33፥1-17)። ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው አለቀሱ። ዔሳው ሴቶቹንና ልጆቹን አይቶ እነማን እንደ ሆኑ ጠየቀ፤ ያዕቆብም እግዚአብሔር በቸርነቱ የሰጠው ልጆች መሆናቸውን ነገረው። ይህ ከረጅም መለያየትና ከቂም በኋላ የመጣ የቤተሰብ መገናኘት ነበር። ዔሳውም በደስታው ብዛት ወዲያው ተነሥተው አብረው እንዲጓዙ ጠየቀ።

ያዕቆብ ግን ልጆቹ ገና ለጋ መሆናቸውን፣ ከመንጋውም የሚያጠቡ እንዳሉ፣ አንድ ቀን እንኳ በግድ ቢነዱ እንደሚያልቁ አስረዳው። ወንድሙ ቀድሞ እንዲሄድ፣ እርሱ ግን በከብቶቹና በልጆቹ እርምጃ ልክ በዝግታ እንደሚከተል ነገረው። ያዕቆብ ከዚያ በኋላ መንገዱን ወደ ሱኮት ማቅናቱን አይተው ይህን መልስ እንደ ማመካኛ የሚቆጥሩ አሉ። ይሁን እንጂ የተናገረው ነገር እውነትነቱን አያጣም፤ ለጋ ልጅ በጎልማሳ እርምጃ ሊነዳ አይችልም።

ልብ እንበል፤ ያዕቆብ ወንድሙን ይፈራ ነበር፤ «አይሆንም» ማለት ቀላል አልነበረለትም። ቢሆንም የታላቁን ፈቃድ ለመፈጸም ሲል የታናናሾቹን አቅም አልረሳም። ይህንንም የተናገረው በትዕቢት ሳይሆን ዔሳውን «ጌታዬ» እያለ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው። እንግዲህ ወጣት ወላጆች ከእርሱ ሁለት ነገር ይማራሉ፤ ስለ ልጃቸው አቅም እውነቱን መናገርንና ይህንንም በአክብሮት መናገርን። «አባባ፣ ልጁ ደክሟል፤ ዛሬ ይረፍ፤ ነገ ዘመዶቻችንን ይጠይቃል» ማለት ታላላቆችን መናቅ አይደለም።

2. ሐና በቤቷ የቀረችባቸው ዓመታት

ሕልቃና በየዓመቱ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሴሎ ይወጣና መሥዋዕት ያቀርብ ነበር። ሐና ሳሙኤልን ከወለደች በኋላ ግን ልጁ ጡት እስኪተው ድረስ እንደማትወጣ ለባሏ ነገረችው፤ እርሱም መልካም መስሎ የታያትን እንድታደርግ ፈቀደላት (1ኛ ሳሙ. 1፥21-23)። በዓሉ የእግዚአብሔር በዓል ነበር፤ ሐናም እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ነበረች። ሆኖም በእነዚያ ዓመታት እግዚአብሔርን ያገለገለችው ልጇን በማጥባት ነው። ጊዜው ሲደርስም ልጁን ይዛ ወጣች፤ መባዋንም አላጎደለችም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሁሉም ጉዞ ለሁሉም ልጅ በየዓመቱ አስፈላጊ አለመሆኑን ነው። የታመመ ወይም ገና የተወለደ ልጅ ያላት እናት «ዘንድሮ እንቅር» ብትል ባልዋ እንደ ሕልቃና ይስማት፤ ለወላጆቹም ምክንያቱን እርሱ ራሱ ያስረዳ። ቅሬታው ሁሉ በምራቲቱ ላይ እንዲወድቅ አይተዋት።

በዚያው ምዕራፍ ሌላም ነገር እናገኛለን። ፍናና ሐናን ልጅ ስለሌላት ታስቆጣት የነበረው በዚያው የበዓል ጉዞ ላይ ነው፤ ሐናም ታለቅስ፣ እህልም አትቀምስ ነበር (1ኛ ሳሙ. 1፥6-7)። በእኛም የበዓል ማዕድ ዙሪያ እንዲህ ያለ ቃል አይጠፋም። «የእሱ እኩያ ይናገራል፤ ይኼ ምነው ዝም አለ?» «እሷ ሁለተኛዋን ወልዳለች፤ አንቺስ?» እንላለን። ለተናጋሪው ጨዋታ የሚመስለው ቃል፣ ሰሚዋን ዓመቱን ሙሉ ሊያቆስላት ይችላል። ስለ ልጆች በምንናገርበት ጊዜ በመካከላችን ሐና ልትኖር እንደምትችል እናስብ።

3. ሁሉም «ከሌላው ጋር ነው» ባለ ጊዜ

ቅዱስ ሉቃስ እንደሚነግረን፣ ዮሴፍና ማርያም ከፋሲካ በዓል ሲመለሱ ጌታ ኢየሱስ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ከዚያም በዘመድና በወዳጅ መካከል ፈለጉት (ሉቃ. 2፥41-46)። እርሱ በዚያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበር፤ የቀረውም በአባቱ ቤት ነበር። ቢሆንም ቅድስቲቱ ቤተሰብ እንኳ በብዙ ዘመድ መካከል እንዲህ ከመሰላት፣ እኛማ እንዴት አብልጠን መጠንቀቅ አይገባን!

ከዓመታት በፊት በአንድ ቤት ለበዓል ተጠርተን ተቀምጠን ሳለን የሆነውን እንናገር። ቤቱ በዘመድ ሞልቶ ነበር። እናት ከሴቶቹ ጋር ቆጮና ጎመን ታሰናዳለች፤ አባት ከሽማግሌዎች ጋር ይጫወታል፤ አክስቶችም ይገባሉ፣ ይወጣሉ። የአንድ ዓመት ተኩል ያህል ልጅ ድክ ድክ እያለ ወደ ምድጃው ሄደ፤ የፈላ ጀበና ስቦም በእጁ ላይ ደፋው። እኛ ራሳችን ልጁ በአጠገባችን ሲያልፍ አይተን፣ የሚከተለው ሰው አለ ብለን ዝም ብለን ነበር። ሁሉም እንዲሁ አስቦ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ጩኸት ብቻ አልነበረም፤ እናት አያትን፣ አያት እናትን ወቀሱ። ልጁ በሕክምና ዳነ። ባልና ሚስቱ ግን በተከታዮቹ ሁለት በዓላት ወደዚያ ቤት አልመጡም። ጥፋቱ የአንዲት ሴት ሳይሆን በቤቱ የነበርን የሁላችን መሆኑን እኛው አስቀድመን ካመንን በኋላ ነው ዕርቁ የተጀመረው።

ልጅን «ሁሉም ይጠብቀዋል» ማለት ብዙ ጊዜ ማንም አይጠብቀውም ማለት ነው።

4. ሕፃኑና ሽማግሌዎቹ

እንግዲህ በዓሉን ልጅ ላለው ቤተሰብ ከባድ ሸክም አድርገን ልናቀርብ አንሻም። ማርያምና ዮሴፍ ሕፃኑን ወደ ቤተ መቅደስ ባመጡት ጊዜ ስምዖን በእቅፉ ተቀበለው፤ የ84 ዓመቷ መበለት ሐናም እግዚአብሔርን አመሰገነች (ሉቃ. 2፥22-38)። ዕድሜ ሙሉ ሲጠብቁ የኖሩ ሽማግሌዎች ሕፃኑን ማየት ይገባቸዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተሰብ በሰጡት ሐዋርያዊ ምክር፣ በቁጥር 26 ስለ ሕፃናት መብት፣ ቀጥሎም በቁጥር 27 ስለ አረጋውያን ያስተምራሉ። ልጁ ባነሰና በተቸገረ መጠን ለክብሩ ያለን ጥንቃቄ ሊጨምር እንደሚገባ፣ አረጋውያንም በትውልድ መካከል ድልድይ መሆናቸውን ያስገነዝባሉ። ከሁለቱ አንዱን ለሌላው ስንል ልንጥል አይገባንም።

ይሁን እንጂ ሕፃን ከስምንት ወር ዕድሜ ገደማ ጀምሮ ያልለመደውን ፊት መፍራቱ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ይታያል። ልጁ ወላጆቹን ለይቶ ማወቁንና መውደዱን ያሳያል እንጂ የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም። አያት ሆይ፣ ቢያለቅስብዎት አይዘኑ! በእናቱ ጉልበት ላይ እንዳለ አጠገቡ ይቀመጡ፤ በአገር ቋንቋ ቀስ ብለው ያንጎራጉሩለት፤ እጁን እርሱ ራሱ እስኪዘረጋ ይጠብቁት። በግድ የተሳመ ልጅ ይሸሻል፤ የተጠበቀ ልጅ ግን በሦስተኛው ቀን የአያቱን ቀሚስ ይዞ በጀፎረው ላይ ሲሄድ ይታያል። ጌታችን ሕፃናትን አቅፎ እጁንም ጭኖባቸው እንደ ባረካቸው (ማር. 10፥13-16)፣ የሽማግሌዎቹ ምርቃትም በዚህ ዓይነት ፍቅር ይሰጥ።

5. በተግባር የሚፈጸሙ ምክሮች

ሀ. በመንገድ። ከአዲስ አበባ ወልቂጤ ብቻ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ይዘለቃል። ከተቻለ ግርግሩ ከመጀመሩ አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ መነሣት ይሻላል። ልጅን በመኪና የፊት መቀመጫ በጉልበት ላይ ይዞ መጓዝ አደገኛ ነው፤ ከኋላ ይቀመጥ፤ ለዕድሜው የሚስማማ የልጅ መቀመጫ ከተገኘ በእርሱ ይታሰር። የክትባት ካርዱ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃና ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. ከጓዙ አይለዩ።

ለ. በማዕድ። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት በስተቀር ሌላ አያስፈልገውም፤ ቅቤም ቢሆን አይቅመስ። ከዚያ በላይ ላለውም ቢሆን ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠቅመዋል። ጥሬ ክትፎ የኮሶ ትል፣ ያልፈላ ወተትም የሳንባ ነቀርሳና ሌላ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል ለልጅ አይሰጥ፤ ሥጋው ይብሰል፣ ወተቱም ይፍላ። አንድ ዓመት ላልሞላው ማር አይሰጥ። ጠላና አረቄ «ለቅምሻ» እንኳ ነውር ነው።

ሐ. በምድጃ ዙሪያ። ልጁን የሚጠብቅ አንድ ሰው በስም ይታወቅ፤ ሲለቅም «ልጁ አሁን ከአንቺ ጋር ነው» ብሎ በቃል ያስረክብ፤ ተቀባይዋም «እሺ» ትበል። በደመራውም ዘንድ እንዲሁ ይሁን። ቃጠሎ ቢደርስ ቅቤ ወይም ሊጥ አይቀባ፤ የተቃጠለው ስፍራ ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ይፍሰስበት፤ ከዚያም ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

መ. በሌሊት። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ በቆላማ ስፍራዎች የወባ ወቅት ነው። ወደ ጊቤ ሸለቆ ዝቅ የሚል ቤተሰብ ልጁን በአጎበር ያስተኛ፤ ትኩሳት ቢታይበት ሳይዘገይ ያስመርምረው።

ሠ. በቤተ ክርስቲያን። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2181፣ ሕፃናትን መንከባከብ ከበዓል ቅዳሴ ለመቅረት በቂ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ያስተምራል። ስለዚህ ከልጇ ጋር የቀረች እናት ኃጢአት እንደ ሠራች አትጨነቅ። ባልና ሚስት ተራ በተራ ቢያስቀድሱ መልካም ነው። ሕፃን ይዛ የመጣችውን ደግሞ ምእመናን ዞረው በዓይን አይገሥጿት፤ መምህራን በበሩ አጠገብ ስፍራ ያዘጋጁላት። ልጁ ስብከታችንን ባያስተውልም አያቱ እጁን ይዘው ሲያማትቡለት፣ የዕጣኑን ሽታና የከበሮውን ድምፅ ሲለምድ እምነትን መማር ጀምሯል። ነገ አድጎ ይህ በዓል ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል (ዘፀ. 12፥26)፤ የሚጠይቀውም ዛሬ በፍቅር የተቀበልነው እንደ ሆነ ነው።

ተወዳጆች ሆይ፣ የመስቀሉ በዓል የተዋረደልንን ጌታ የምናስብበት በዓል ነው። እርሱ ራሱ በሰው እቅፍ ተይዞ የተጓዘ፣ ድክ ድክ ብሎም መሄድን የተማረ ሕፃን ሆኖ ነበር። እርምጃችንን ለታናሹ ስንል ብናዘገይ ከበዓሉ የምናጣው ነገር የለም፤ ሁላችንም አብረን እንደርሳለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

- በቤተሰባችን በዓል ላይ የጉዞውንና የመስተንግዶውን ሁኔታ የሚወስነው ማን ነው? የሕፃናቱስ አቅም ይታሰባል?
- ያዕቆብ ለዔሳው በአክብሮት እንደ ተናገረ፣ ለወላጆቻችን የምንናገረው ምን አለ?
- በማዕዳችን ዙሪያ እንደ ፍናና የተናገርነው ቃል አለን? ይቅርታስ ልንጠይቅ የሚገባን ማንን ነው?
- በቁምስናችን ሕፃን ይዘው ለሚያስቀድሱ እናቶች ምን ልናዘጋጅ እንችላለን?