አገር ስጠኝ፣ በአዳማ

«እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያለ ያላደገ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል። ጠያቂው በተሰጠው አገር ጥቂት ተንደላቅቆ መልሱን ይነግረዋል። ለአረጋውያን መጦሪያ ወይም ለተማሪዎች ደብተር ገንዘብ ለማሰባሰብ የተደበቀ ሀብት ፍለጋ ልታዘጋጁ ካሰባችሁ፣ የጨዋታው ግማሽ እጃችሁ ላይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አምስት አምስት ሰው ያለው ቡድን መመዝገቢያ ከፍሎ የመጀመሪያውን እንቆቅልሽ ይቀበላል። መልሱ ቦታ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ሁለተኛው ይጠብቀዋል፤ እንዲህ እያለ ሰባት ስምንት ቦታ ያዳርሳል። የተቸገረ ቡድን ለአዘጋጁ ሲደውል «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገሩም ዋጋ አለው። እኔ የሚጥመኝ በርቀት የሚወጣ ተመን ነው፦ ወንጂን የሰጠ 30 ብር ከፍሎ ትንሽ ፍንጭ ያገኛል፤ ባቱን የሰጠ በ60 ብር ሰፈሩ ይነገረዋል፤ ድሬዳዋን የሰጠ ግን 150 ብር በቴሌብር ልኮ መልሱን ይሰማል። ሃያ ቡድን በ1,000 ብር ቢመዘገብ 20,000 ብር ነው፤ እያንዳንዱ በአማካይ የ200 ብር አገር ቢሰጥ ሌላ 4,000 ይጨመርበታል። መመዝገቢያው ላይ የሚከራከር ሰው ድሬዳዋን ሲሰጥ ይስቃል።

እንቆቅልሹን ከከተማው አውጡት። «ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተኝተው ጅቡቲ ይደርሳሉ፤ አንድ ቀን ተነካክተው አያውቁም» ቢባል፣ አዳማ ያደገ ሰው ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ይሮጣል። «ሲቆርጡኝ ወተቴ ይፈሳል፣ ጥጃ ግን የለኝም» የሚለው ደግሞ ቁልቋል ነው፤ በኦሮምኛ አዳሚ፣ የከተማዋም ስም ከእሱ መጣ ይባላል። ታዲያ የእንቆቅልሹን ወረቀት ቁልቋሉ ውስጥ እንዳትሸሽጉ! ያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ዓይንም ሊጎዳ ይችላል። ጽሑፉ በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን፤ «ሂቦ» ሲባል «ሂባካ» እያለ ላደገው ልጅም የራሱ ጨዋታ ነው። ከዚያ እንቆቅልሹን ለአንድ የ12 ዓመት ልጅና ዓምና ወደ ከተማው ለመጣ ሰው ለሙከራ ስጡ። ሁለቱም ወዲያው ካወቁት ቀሏል፤ ሁለቱም ካቃታቸው ጥፋቱ የጸሐፊው ነው።

ወረቀቱ የት ይቀመጥ? በ2000 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ዕቃ ከጫካ ደብቆ የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር በኢንተርኔት ለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ዓለምን አዳርሷል። እኛ ከተማ ውስጥ ግን ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ መንገድ ዳር ቢገኝ ፖሊስ ነው የሚጠራው። ስለዚህ ወረቀቱን ለሰው ስጡ፦ ለሊስትሮው፣ ለጀበና ቡና ሻጯ፣ ለሱቁ ባለቤት። ንፋሱ አይወስደውም፣ ዝናብ አያበሰብሰውም፤ ቡና ሻጯም የቡድኑን ሰላምታ ሳትቀበል ፍንጭ አትሰጥም። ቀበሌውና ፖሊስ ቀድመው ይወቁ፤ ይህን ማለፍ የለም።

ቀኑን ከመስቀል በኋላ፣ ሰማዩ ሲጠራ ብታደርጉት ጥሩ ነው። ቢሾፍቱ ከሆነ ግን የኢሬቻን ሰሞን ተዉት፤ በዓሉ የሚከበርበት ሆራ አርሰዲ ዳር መተላለፊያም አይኖርም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተጀምሮ አምስት ሰዓት ላይ ይለቅ፤ የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ከዚያ በኋላ ርኅራኄ የላትም። ባጃጅ መያዝ ይከልከል፤ አለዚያ ጨዋታው የእግር መሆኑ ቀርቶ የኪስ ይሆናል። ሶደሬ ላይ የምታዘጋጁ ከሆነ ደግሞ ዝንጀሮዎቹን አስቡ፤ በፌስታል የታሰረ ነገር ሁሉ ምግብ ይመስላቸዋል። አዋሽ ዳር ልጆች አትላኩ፤ አዞ አለ።

ሽልማቱን በዕጣ አታድርጉት፤ ቶምቦላ ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ቀድሞ የደረሰ ይውሰድ፤ ሽልማቱም አንድ ጆንያ ጤፍ ወይም በግ ይሁን፣ ከነጋዴ የተለገሰ። ገንዘቡን ለእድር ሰው አደራ ስጡ፤ ገንዘብ ያዥ አንድ፣ ሒሳብ ተቆጣጣሪ ሌላ። ከሰዓት በፊት ሁሉም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ሳለ የተሰጡት አገሮች መዝገብ ይከፈትና ጮክ ተብሎ ይነበብ፦ ወንጂ ስንት ጊዜ፣ ባቱ ስንት ጊዜ፣ ድሬዳዋንስ ማን ማን ሰጠ።