የምናብ ቤዝቦልና የባልንጀሮች ፉክክር

ባልንጀሮች እርስ በርሳቸው መፎካከራቸው የተለመደ ነገር ነው። በፈተና ውጤት፣ በካርታ፣ በገበጣ ወይም በእግር ኳስ ደጋፊነት ሳይፎካከር የተማሪነቱን ዘመን የሚጨርስ ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም አንዱ ፉክክር ባልንጀርነትን ሲያጠነክር፣ ሌላው ደግሞ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ የሚያደርስበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ የሚመረምር አይበዛም። እኛም ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ ይሆነን ዘንድ በአሜሪካ አገር የተፈጠረውን የምናብ ቤዝቦል መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ደንቡን ባልንጀሮች ለራሳቸው የሠሩት ስለ ሆነ፣ ቀልዱና ልኩ ጎን ለጎን ስለሚታዩበት ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ሀ. ጨዋታው ምንድን ነው?

በቤዝቦል ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ይመታል። ቤዝ የሚባሉትን አራት ማዕዘኖች ዞሮ ወደ ተነሣበት የተመለሰ ተጫዋች ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። እያንዳንዱ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጊዜ ይጫወታል፤ የመቺውና የወርዋሪውም ሥራ በየዕለቱ በቁጥር ይመዘገባል። ለምሳሌ ያህል፣ 500 ጊዜ ሞክሮ 150 ጊዜ የተሳካለት መቺ አማካዩ 0.300 ነው ይባላል፤ ይህም መልካም ውጤት ነው።

የምናብ ቤዝቦል የቆመው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ጥቂት ባልንጀሮች ተሰብስበው እያንዳንዳቸው የቡድን ባለቤት ይሆናሉ፤ ከእውነተኞቹም ተጫዋቾች መካከል ለየራሳቸው ይመርጣሉ። ተጫዋቹ በሜዳ ላይ የሠራው ሁሉ በወረቀት ላይ ለመረጠው ሰው ይቈጠርለታል። ተጫዋቹ ራሱ ግን የማን ሎሌ ሆኖ እንደሚደክም አያውቅም።

ለ. አመጣጡ

በ1960 ዊልያም ጋምሰን የተባለ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከባልንጀሮቹ ጋር «የቤዝቦል ሴሚናር» የሚል ስም የሰጡትን ጨዋታ ጀመረ። ስሙ ትምህርት ይመስላል፤ ነገሩ ግን ጨዋታ ነው። ጋምሰን ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሄደ ጊዜ ጨዋታው አብሮት ሄደ፤ የታሪክ መምህሩ ሮበርት ስክላርም ከተጫዋቾቹ አንዱ ሆነ። ወሬውን ከስክላር የሰማው ተማሪ ዳንኤል ኦክረንት ይባል ነበር።

ኦክረንት በ1980 በኒው ዮርክ ከባልንጀሮቹ ጋር አዲስ ማኅበር አቋቋመ። ይሰበሰቡበት የነበረው ምግብ ቤት ስሙ ላ ሮቲሰሪ ፍራንሴዝ ስለ ነበር፣ ጨዋታው እስከ ዛሬ «ሮቲሰሪ» ሲባል ይኖራል። ደንቡ በ1984 በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ፤ ከዚያም በአገሩ ሁሉ ተዛመተ። የሚገርመው ግን መሥራቹ ኦክረንት በገዛ ማኅበሩ አንድ ጊዜ እንኳ አሸናፊ አለመሆኑ ነው።

ሐ. ደንቡ ፉክክርን እንዴት ይፈጥራል?

አንደኛ፤ ሁሉም እኩል ይነሣል። በተለመደው ደንብ እያንዳንዱ ባለቤት 260 የጨረታ ገንዘብ ይዞ 23 ተጫዋቾችን ይገዛል። ስለዚህ ለአንድ ተጫዋች በአማካይ 11 ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው። ለአንድ ዝነኛ መቺ 40 የከፈለ ሰው 220 ይቀረዋል፤ ይኸውም ለቀሩት 22 ተጫዋቾች ለእያንዳንዳቸው 10 ብቻ ነው። ዝነኛውን ለመያዝ የጓጓ ሰው የተቀረውን ቡድኑን እንደሚያስርብ ከዚህ ስሌት ይታያል። ባልንጀራውም ይህን ስለሚያውቅ፣ ተጫዋቹን ሳይፈልገው ዋጋውን ከፍ ያደርግበታል፤ አንዳንድ ጊዜም በራሱ ላይ ይቀርበታል።

ሁለተኛ፤ ነጥቡ በማዕረግ ነው። አሥር ባለቤቶች ቢኖሩ በየዘርፉ አንደኛው 10፣ ሁለተኛው 9፣ የመጨረሻው 1 ነጥብ ያገኛል። የመጀመሪያው ደንብ ስምንት ዘርፎች ስለ ነበሩት፣ ሁሉን የመራ ሰው 80 ነጥብ ይደርሰው ነበር። እንግዲህ በአንድ ዘርፍ አንደኛው 200፣ ሁለተኛው 199፣ ሦስተኛው 150 ቢያስመዘግቡ፣ የአንዱም ሆነ የአርባ ዘጠኙ ልዩነት ዋጋው እኩል አንድ ነጥብ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ዘወትር የሚያየው ከእርሱ በላይ አንድ እርምጃ ያለውን ባልንጀራውንና ከኋላው የሚደርስበትን ነው። ፉክክሩ ከሩቅ ሰው ጋር ሳይሆን ከጎረቤት ጋር ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ተፎካካሪው ገበያተኛም ነው። አንዱ የፈጣን ሯጮች ትርፍ ኖሮት ወርዋሪ ቢቸግረው፣ ሌላው ወርዋሪ ተርፎት ሯጭ ቢያጣ፣ በልውውጥ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ዛሬ የዘለፈውን ሰው ነገ ለልውውጥ የሚፈልገው ስለ ሆነ፣ ተጫዋቹ አንደበቱን መግራት ይማራል። በእኛ አስተያየት የዚህ ጨዋታ ትልቁ ጥበብ ይህ ነው።

መ. የቀልዱ ሥራ

ባለቤቶቹ ለቡድኖቻቸው ስም ሲያወጡ በገዛ ስማቸው ይቀልዱ ነበር። ኦክረንት ቡድኑን «ኦክረንት ፌኖኪስ» ያለው በአሜሪካ አገር በደቡቡ በኩል ባሉት ክፍለ ግዛቶች ካለው ከኦኬፌኖኪ ረግረግ ጋር ስሙን አጋጥሞ ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ከዚህም ሌላ በዓመቱ መጨረሻ አሸናፊው ዩሁ የሚባለው የቸኮላት መጠጥ በራሱ ላይ ይፈስስበታል። ልብ ብለን እንመልከት፤ የሚዋረደው ተሸናፊው ሳይሆን አሸናፊው ነው። ድል ያገኘው ሰው በዚያው ቀን የሳቅ መነሻ ስለሚሆን፣ ትዕቢት የሚያድርበት ጊዜ አያገኝም።

በአገራችንም በገና ጨዋታ ቀን ሎሌው ጌታውን ቢዘልፍ ጌታው እንዳይቈጣ ልማድ ይከለክለው ነበር። ዘለፋው ቀንና ሜዳ ስለ ተወሰነለት፣ ቂም ሆኖ ወደ ቤት አይገባም።

ሠ. የሚያበላሸው ምንድን ነው?

ጨዋታው የሚፈርሰው በብርቱ ዘለፋ ብቻ አይደለም። ይበልጡን የሚፈርሰው በመሰልቸት ነው። በመካከሉ ተስፋ የቈረጠ ሰው ቡድኑን ሲተወው፣ ከእርሱ በታች የነበሩት እያለፉት በነፃ ነጥብ ያገኛሉ። ከዚህም የባሰ፣ የሚያሸንፍበት መንገድ ያጣ ሰው ጥሩ ተጫዋቾቹን ለአንድ ወዳጁ እንደ ስጦታ ቢያሳልፍ፣ የቀሩት ስምንቱ የደከሙበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ብዙ ማኅበሮች ለልውውጥ የመጨረሻ ቀን የሚወስኑት፣ አንዳንዶቹም ለመጨረሻው ሰው የሚያስቅ ቅጣት የሚያዘጋጁት ስለዚህ ነው። ቅጣቱ የሚያስፈልገው መጨረሻውን ሰው ለማሳፈር ሳይሆን እስከ መጨረሻው ቀን እንዲጫወት ለማትጋት ነው። ገንዘብም ሲበዛ ቀልዱ ይሞታል፤ የወር ቀለቡን ያስያዘ ሰው መሳቅ አይችልምና።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተመለከተው አራት ነገር እንማራለን።

1. ተፎካካሪዎች በእኩል ይነሡ፤ ደንቡም ከጨዋታው በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ።
2. ቀልዱ በተጫወቱት ጨዋታ ላይ ይሁን፤ በሰውየው ዘር፣ ሃይማኖት፣ ድኽነት ወይም መልክ ላይ አይሁን።
3. ያሸነፈ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይሳቅበት።
4. የተሸነፈ ሰው እስከ ፍጻሜው ይጫወት፤ ትጋቱ ለሌሎቹ የሚገባቸው ዕዳ ነውና።

በማደሪያ ክፍሎቻችን በእግር ኳስ የምናብ ቡድን ያላቸው ብዙዎች ናቸው። ዓመቱ ሲያልቅ የነጥቡ ሰንጠረዥ ይረሳል። አብሮ የተሳቀበት ባልንጀራ ግን ከትምህርት ቤት ከወጣን በኋላም በችግራችን ቀን የምንጠራው ሰው ነው። ስለዚህ ለማሸነፍ በብርቱ እንጣር፤ ለአንድ ነጥብ ብለን ግን እንዲህ ያለውን ሰው አንጣ።