ያለቀ ሥዕልና የመሣሉ ሂደት፦ የዲጂታል ሥዕል ጀማሪና ራስን መጠራጠር በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

በአምቦ፣ በጊንጪ፣ በጉደር ወይም በጌዶ ዲጂታል ሥዕል መለማመድ የሚጀምር ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው ከመምህር ዘንድ ሳይሆን ከስልኩ ጋር ብቻውን ተቀምጦ ነው። በሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተውና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው፤ ከአምቦ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እንዲህ ያለው ጀማሪ ልምምዱን ሲተው የሚሰጠው ምክንያት «ተሰጥኦ የለኝም» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው፣ ከዚህ ጥርጣሬ አንዱ ክፍል የሚመነጨው ከሰውየው ባሕርይ ሳይሆን መሣሪያው ከሚደብቀውና ከሚያሳየው ነገር መሆኑን ነው።

አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው አንድን ተግባር ለመፈጸም በራሱ ችሎታ ያለው እምነት ከአራት ምንጮች እንደሚቀዳ አስረድቷል፤ እነርሱም ራሱ ሠርቶ ያገኘው ውጤት፣ ሌላው ሲሠራ ማየቱ፣ የሰዎች ማበረታቻና የራሱ የአካልና የስሜት ሁኔታ ናቸው። ከሁሉ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። ዲጂታል ሥዕል ግን ይህንኑ ምንጭ ያደርቃል። በወረቀት ላይ የተበላሸ መስመር ይቀራል፤ የአንድ ወር ደብተር ሲገለጥ የመጀመሪያው ገጽና የመጨረሻው ገጽ ጎን ለጎን ይመሰክራሉ። በስክሪን ላይ ግን የመመለሻው ትእዛዝ አለ። ጀማሪው አንዱን መስመር ሃያ ጊዜ ሠርቶ ሃያ ጊዜ ይሰርዘዋል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ሠሌዳው ባዶ ነው። እጁ የሠራው ብዙ ሆኖ ሳለ ዐይኑ የሚያየው ማስረጃ የለም።

የመሣሪያው እንግድነትም አለ። ስክሪን የሌለው የሥዕል ሠሌዳ ሲሆን እጅ በጠረጴዛ ላይ፣ ዐይን ደግሞ በኮምፒውተሩ ላይ ይውላል፤ ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ በእርሳስ አሳምሮ የሚሥል ሰው እንኳ መስመሩ ይንቀጠቀጥበታል። በስልክ ላይ በጣት የሚሥለው ደግሞ የጣቱ ጫፍ የሚነካውን ቦታ ራሱ ይሸፍንበታል፤ ብዕሩን ጫን ወይም ላላ በማድረግ መስመርን ማወፈርና ማቅጠንም አይችልም። ጀማሪው ይህን የሚለይበት ስም የለውም። የማስተማሪያ ቪዲዮዎቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ቃላቱም በአማርኛ ሆነ በአፋን ኦሮሞ ገና አልረጉም። ስም ያላገኘ ችግር ደግሞ በቀላሉ የራስ ጉድለት ተደርጎ ይቆጠራል።

ሁለተኛውን ምንጭ በተመለከተ አምቦ ምሳሌ አያጣም። በአካባቢው የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና በአምቦ ተማሪ ሳሉ የጻፉት ተውኔት በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት መታየቱ ይነገራል፤ የአምቦው ተወላጅ ሃጫሉ ሁንዴሳም አብዛኞቹን የመጀመሪያ አልበሙን ዘፈኖች የደረሰው በእስር ቤት ነበር። ታሪኮቹ ያኮራሉ። ሆኖም ለወጣቱ የሚደርሱት ከነፍጻሜያቸው ነው፤ የተሰረዘው ስንኝ አይታይም። ሻንክ፣ ሃንሰንና ኮክስ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት፣ የክፍልፋይ ስሌት የከበዳቸው ሕፃናት ተቸግሮ ቀስ በቀስ የሚያርም እኩያቸውን ሲያዩ፣ ከመነሻው ሳይሳሳት የሚሠራውን ካዩት ይልቅ በራሳቸው ማመናቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የሕፃናት ስሌት የአዋቂ ሥዕል አይደለም፤ ቢሆንም ፍንጩ የሚናቅ አይደለም።

የቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትምህርት ይህን ያለ ጥናት ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል። ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አዲስ ዓለም፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተሠራችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ባለ ሥዕል ናት። በዚያ ልማድ ደቀ መዝሙሩ ቀለም ከመፍጨትና ሰፊውን ቦታ ከመሙላት ይጀምር ነበር፤ ፊትን የሚሠራው መምህሩ ነው። ንድፉ፣ ቀለሙና የመጨረሻው ጥቁር መስመር በየተራ ሲነባበሩ ዘወትር በዐይኑ ያያል። የዛሬው ዲጂታል ሥዕልም የሚሠራው በዚሁ በመነባበር ነው፤ የጎደለው አብሮ ማየቱ ነው።

ይህን በከፊል የሚተካ ነገር መሣሪያው ውስጥ አለ። በስልክ የሚሠራው አይቢስ ፔይንት የመሣሉን ሂደት መዝግቦ በቪዲዮ ያሳያል፤ ያለ ክፍያ የሚገኘው ክሪታም በቅርብ እትሞቹ ተመሳሳይ መቅጃ አለው። ጀማሪው አንድን ነገር፣ ለምሳሌ የወንጪን ሐይቅ፣ በመጀመሪያው ሳምንትና በአምስተኛው ሳምንት ሥሎ ሁለቱንም ቅጂ ከነቀኑ ቢያስቀምጥ፣ የጠፋው ደብተር ይመለስለታል። ጓደኞች ሲገናኙም ያለቀውን ሥዕል ከማሳየት ይልቅ ቅጂውን ቢያዩ የተሻለ ነው፤ የሌላው እጅ ሲሰርዝ ይታያልና። ቅጂው ግን አስተማሪ አይደለም፤ የተደጋገመ ስሕተትን መዝግቦ ከማቆየት በቀር አያርመውም። ስለዚህ ከቅጂው ጋር የሚያርም ዐይን ያለው ሰው፣ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ፣ ያስፈልጋል። ቪዲዮው የስልኩን ማኅደር የሚያጣብብ ከሆነ ደግሞ ከእያንዳንዱ ደረጃ አንዳንድ ምስል አስቀርቶ ቀሪውን ማጥፋት ይበቃል።