ስምንቱም መብራቶች በርተው ሳለ
በኔትወርክ ገመድ ውስጥ ስለሚደበቅ ጉድለት

በአንድ የትምህርት ተቋም የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ የተማሪዎች ውጤት ወደ ሬጅስትራር በሚተላለፍበት ሰሞን፣ ኔትወርኩ መታወክ ጀመረ። ጨርሶ ቢቆም ኖሮ ምክንያቱ በቀላሉ በተገኘ ነበር። ዳሩ ግን ትንንሽ ፋይሎች ያለ ችግር ሲያልፉ ትልልቆቹ መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር፤ የክፍሉ የፍሎረሰንት መብራቶች ሲበሩም ይብስ ነበር። ስዊቹ ተለወጠ፤ የኔትወርክ ካርዶቹም እንዲሁ። ቫይረስም ተጠረጠረ። ገመዱን የጠረጠረ ግን አልነበረም፤ ምክንያቱም በቴስተር በተፈተሸ ቁጥር ስምንቱም መብራቶች ከ1 እስከ 8 በተርታ ይበሩ ነበር። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከተሳሳቱት አንዱ ነው።

ጉድለቱ የተገኘው በመጨረሻ ከገመዱ ላይ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ገመዱ ለምን በዚያ አኳኋን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ገመድ የሚለው ቃል ገመደ ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና ለኔትወርክ ሽቦ ከዚህ የተስማማ ስያሜ የሚገኝ አይመስለንም። የውጭው ልባስ ቢገፈፍ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በአራት ጥንድ ተገምደው ይታያሉ። ዘዴው ከኮምፒውተር በብዙ ዓመታት ይቀድማል፤ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ለስልክ መስመር የፈጠራ ባለመብትነት አግኝቶበታል።

በአንድ ጥንድ ላይ የሚላከው መልእክት በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ነው። ለምሳሌ አንደኛው ሽቦ 1 ቮልት፣ ሁለተኛው ከዜሮ በታች 1 ቮልት ቢይዝ ልዩነታቸው 2 ይሆናል። ከአካባቢው የመጣ ረብሻ በሁለቱም ላይ እኩል 0.3 ቮልት ቢጨምር፣ አንደኛው 1.3፣ ሌላው ከዜሮ በታች 0.7 ይሆናሉ፤ ልዩነታቸው ግን አሁንም 2 ነው። ተቀባዩ መሣሪያ ልዩነቱን ብቻ ስለሚያነብ ረብሻው እንዳልነበረ ይሆናል።

ይህ የሚሠራው ረብሻው በሁለቱ ላይ በእርግጥ እኩል ሲያርፍ ነው። ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ቢዘረጉ አንደኛው ምንጊዜም ለረብሻው ምንጭ የቀረበ ይሆናል። ሲገመዱ ግን በየግማሽ ዙሩ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ በአንዱ ዙር የቀረበው በሚቀጥለው ይርቃል፤ በአንዱ ዙር የገባው ቮልቴጅ በሚቀጥለው ተቃራኒ ሆኖ ይጣፋል። አራቱ ጥንዶች የተገመዱበት ጥብቀትም የተለያየ ነው፤ እኩል ቢሆን ኖሮ አንዱ ጥንድ የጎረቤቱን መልእክት በሰማ ነበር።

አሁን ወደዚያ ክፍል እንመለስ። ገመዱን የሠራው ሰው ቀለማቱን ለዓይን በሚያምር ቅደም ተከተል ደርድሯቸዋል፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ ያው ነው። ሆኖም በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፈው ኤተርኔት የሚጠቀመው 1ን ከ2 ጋር፣ 3ን ደግሞ ከ6 ጋር በማጣመር ነው። ስለዚህ 3 ላይ ነጭ-አረንጓዴ፣ 6 ላይ ሰማያዊ ተቀምጠው፣ አብረው ያልተገመዱ ሁለት ሽቦዎች እንደ ጥንድ እንዲሠሩ ተገደዱ። ቴስተሩ የሚጠይቀው «3 ቁጥር ከ3 ቁጥር ጋር ተገናኝቷልን?» ብሎ ብቻ ነው፤ 3 ቁጥር ከማን ጋር እንደተገመደ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ቢሆን ምናልባት ማንም ሳያስተውለው ይቀር ነበር፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ጉድለቱ ይገለጣል።

ትክክለኛው የቲ-568-ቢ አደራደር ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ ነው። አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን አቅፎ የሚቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መካከለኛዎቹ 4 እና 5 ከጥንት ጀምሮ የስልክ መስመር ቦታዎች ስለነበሩ ነው። የቲ-568-ኤ አደራደር ብርቱካናማውንና አረንጓዴውን ያለዋውጣል፤ ሁለቱም ጫፎች አንድ ዓይነት እስከሆኑ ድረስ የትኛውም ቢመረጥ ልዩነት የለውም።

መሰኪያው በአብዛኛው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ነውና ቀለማቱን በዓይን መመርመር ይቻላል። የወርቅማ ንኪዎቹን ወደ ራስ፣ ገመዱን ወደ ታች አድርጎ ሲያዝ ቁጥር 1 በግራ በኩል ነው። ሽቦዎቹን ለመደርደር ሲባል የሚፈታው ግምድ ከ13 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ብዙ ሠራተኞች ለጣታቸው እንዲመች ሦስት አራት ሴንቲሜትር ይፈታሉ፤ ይህ ጥፋት ነው። የውጭው ልባስም መሰኪያው ውስጥ ገብቶ መያዝ ይኖርበታል፤ አለዚያ በተሳበ ቁጥር ክብደቱ በሽቦዎቹ ላይ ያርፋል። ከስዊች እስከ ኮምፒውተር ያለው ርቀት፣ በሁለቱ ጫፍ ያሉት አጫጭር ገመዶች ጭምር ተደምረው፣ ከ100 ሜትር አይለፍ። ገመድ ሲገዛ ደግሞ አንዱን ሽቦ በቢላዋ መፋቅ ነው፦ ከመዳቡ ሥር ነጭ ብረት ከታየ አሉሚኒየም በመዳብ ተቀብቷል ማለት ነው፤ አሉሚኒየም የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከመዳብ በ1.6 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

በሁለት ሕንፃዎች መካከል የመዳብ ገመድ መዘርጋት አይመከርም። የሁለቱ ሕንፃዎች የመሬት ቮልቴጅ እኩል ላይሆን ይችላል፤ በክረምት መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ ልዩነቱ በገመዱ በኩል ይሮጥና ስዊቾቹን ያቃጥላል። ለዚህ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው የፋይበር ገመድ ነው ተገቢው።

ጥገናን በተመለከተ፣ በመቆጣጠሪያ ገጽ የሚታዘዙ ስዊቾች በየወደቡ ተበላሽተው የደረሱ መልእክቶችን ይቆጥራሉ። ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መልሶ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ከሳምንት በኋላ ማየት ነው። በአንድ ወደብ ላይ ብቻ ቁጥሩ ካደገ ገመዱን ወደ ሌላ ወደብ ማዛወር፤ ስሕተቱ ገመዱን ከተከተለ ጥፋቱ ከገመዱ ወይም ከወዲያኛው ጫፍ ነው፤ በነበረበት ከቀረ ከወደቡ።

በዚያ ክፍል ሁለቱ ጫፎች ተቆርጠው እንደገና ከተሠሩ በኋላ ቆጣሪው በዜሮ ላይ ቆመ፤ ውጤቱም በዚያው ቀን ለሬጅስትራር ደረሰ። ተበላሽተዋል ተብለው የወጡት የኔትወርክ ካርዶች ግን ተመልሰው ሲፈተሹ ሁሉም ጤነኞች ሆነው ተገኙ።