ምዕራፍ 9 - ጣውላው ሳይደርቅ መዶሻ አይነሳ

አጎቴ ወለጋ ውስጥ፣ ኪራሙ ላይ ቤት ሲሠራ ለሳሎኑ የባሕር ዛፍ ጣውላ ወለል አማረው። ወሩ ሐምሌ ነበር። ጣውላው ከተሰነጠቀ ሁለት ሳምንት አልሞላውም፤ በእጅ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፣ መጋዙ ሲገባበት ሰጋቱራው እንደ ሊጥ ይጣበቃል። እኔ ያኔ ለአናጺው ጣውላ አቀባይ ነበርኩ። «ቤት ውስጥ ይደርቃል» ተባባልን፣ መታነው። እውነትም ደረቀ። ጥር ላይ፣ ለጥምቀት ቤቱ ሲጠረግ፣ የአንድ ብር ሳንቲም ከእጄ አመለጠና በሁለት ጣውላዎች መካከል በቁሙ ገብቶ ጠፋ።

አጎቴ አናጺውን ወቀሰ፣ አናጺው ምስማሩን ወቀሰ። ጥፋቱ ግን የምስማሩ አልነበረም። እንጨት ከተቆረጠም በኋላ ውሃ መጠጣቱንና መትፋቱን አይተውም። አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በቁመቱ የሚለወጠው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ የሚጫወተው በወርዱ ነው። የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ሲሆን እንጨት ከደረቅ ክብደቱ ወደ 16 በመቶ የሚጠጋ ውሃ ይይዛል፤ አየሩ ወደ 45 በመቶ ሲወርድ ከ8 እስከ 9 በመቶ ብቻ ይቀረዋል። የወለጋን ሐምሌና የወለጋን የካቲት የሚያውቅ ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በቆዳው ያውቃቸዋል። የእንጨቱ ውሃ በ4 በመቶ ሲለወጥ 10 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው ጣውላ በግምት 1 ሚሊሜትር ይለወጣል። ትንሽ ይመስላል። ሳሎኑ 4 ሜትር ከሆነ ግን 40 ጣውላ ተደርድሮበታል፤ 40 ጊዜ 1 ሚሊሜትር 4 ሳንቲሜትር ነው።

ስለዚህ እርጥብ ጣውላ ቢመቱ በጋው ይከፋፍተዋል። በየካቲት አጥንት እስኪመስል የደረቀውን ጣውላ እርስ በርሱ አጣብቀው ቢመቱትም ክረምቱ አሳብጦ ያጎብጠዋል። ለወለጋ የሚመቸው መካከለኛው ነው፤ ከ11 እስከ 13 በመቶ።

ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከአንዱ ጣውላ ጫፍ ግማሽ ሜትር ገባ ብለው ቁራጭ ያውጡ፤ ጫፉ ራሱ ቶሎ ስለሚደርቅ ያታልላል። ቁራጩን በትንሽ የኤሌክትሪክ ሚዛን ይመዝኑትና ክብደቱን ይጻፉ። ከዚያ ውሃ በሚፈላበት ሙቀት አካባቢ ባለ ምድጃ ውስጥ አስገብተው ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ በየተወሰነ ሰዓቱ እያወጡ ይመዝኑ። ምጣድ ላይ ግን አያድርጉት፤ ያሳርረዋል፣ ሚዛኑም ይዋሻል። ሲጀምሩ 560 ግራም፣ ሲጨርሱ 500 ግራም ከሆነ የጠፋው 60 ግራም ውሃ ነው። 60ን ለ500 ያካፍሉ፦ 12 በመቶ። ጣውላው ለወለል ደርሷል ማለት ነው። ነጋዴው «ደረቅ ነው» ሲልዎት ይህን ስሌት ያስታውሱ፤ የነጋዴ ደረቅና የሚዛን ደረቅ ይለያያሉ።

ማድረቁ ራሱ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። ጣውላውን በጥቅምት፣ ዝናቡ ሲያበቃ ያሰንጥቁ። ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ይደርድሩት። በየረድፉ መካከል 2 ሳንቲሜትር የሚወፍሩ ቀጫጭን እንጨቶች በየግማሽ ሜትሩ ያስገቡ፤ እነዚህ ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር ካልቆሙ ጣውላው እንደ እባብ ይጣመማል። ጫፎቹን በተረፈ ቀለም ይቀቡ፤ ውሃው በጫፍ በኩል ሲጣደፍ ነውና የሚሰነጠቀው። ከላይ ድንጋይ ይጫኑበት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ያፈጥናል ብለው አይሳሳቱ፤ የውጩ ቆዳ ደርቆ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ለዚህ በተለይ ቂመኛ ነው። ሚያዝያ ላይ ይመዝኑ። ከዚያም መስኮትና በሩ በተገጠመለት፣ ወለሉ በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ያሳድሩት።

የትኛው እንጨት? ወለጋ የተወለደ ሰው መልሱ አፉ ላይ ነው፦ ዋንዛ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ዋዴሳ የሚለው። እኔም ዋንዛን እወዳለሁ፤ ቀለሙ ያምራል፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላ ብዙም አይወራጭም። ለሣጥን፣ ለአልጋ፣ ለበር ወደር የለውም። ለወለል ግን ለስላሳ ነው፤ የሴት ጫማ ተረከዝና የወንበር እግር ያጎደጉደዋል። ዝግባ ቀጥ ያለና ቀላል ነው፣ ነገር ግን ነቀዝና ሻጋታ ይወዱታል። ጥድ ምስጥን ይቋቋማል፣ ሽታውም ቤቱን ይሞላል፤ ምስማር ሲገባበት ግን ይሰነጠቃል። ጥቁር እንጨት ጠንካራና ለወለል የተፈጠረ የሚመስል ነው፤ ዛፉ ግን እየተመናመነ ስለሆነ ፈልጎ ማስቆረጥን አልመክርም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተተክቷል፤ ቢሆንም የአገር በቀል ዛፍ ጣውላ ጭነው ኬላ ላይ ከመቆምዎ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፣ ወረቀትም ይያዙ።

የሚቀረው ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን የመጣው ይህ ዛፍ ዛሬ ከየገበሬው ጓሮ የሚገዛ ነው። ጠንካራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቀይ ዓይነቱማ ሲላግ መልኩ ያኮራል። ሰው የሚንቀው ሳያደርቀው ስለሚመታው ብቻ ይመስለኛል። ዕድሜው የገፋ፣ ግንዱ ወፍራም ዛፍ ይምረጡ፤ ለአጣና የደረሰ ቀጭን ባሕር ዛፍ ለወለል አይሆንም። የጣውላው ወርድም ከ10 ሳንቲሜትር አይብለጥ።

እንጨት ለሰው ቤት በጥንቃቄ ሲውል ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ነቀምቴ ሲሄድ የአካባቢው ገዥ የነበሩትን የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ይጎብኝ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። እኔ ስጎበኝ ዓይኔ ከጌጡ ይልቅ እንጨቱ ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ይቀራል፤ የሙያ በሽታ ነው።

ከወለሉ ሥር ያለው ነገር ከወለሉ አይተናነስም። በሲሚንቶ ላይ የሚያነጥፉ ከሆነ ሲሚንቶውም መድረቅ አለበት፤ ለወራት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ላስቲክ አንጥፈው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉትና በሁለተኛው ቀን ያንሱት። ከሥሩ ላብ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ይጠብቁ። ሲደርቅም ጣውላውን በቀጥታ አይጣሉበት፤ ወፍራም ላስቲክ፣ ከላዩ ሞራሌ፣ ከሞራሌው ላይ ጣውላ። ሞራሌዎቹ ከ40 እስከ 50 ሳንቲሜትር ተራርቀው፣ በውሃ ልክ ተስተካክለው ይቁሙ።

በአፈር ላይ ከሆነ ወለሉን በድንጋይ መሠረት ያንሱት። ሰው በደረቱ ተስቦ የሚገባበት ባዶ ቦታ ከሥሩ ይኑር፤ በተቃራኒ ግድግዳዎችም ለአይጥ የማይመች ወንፊት ሽቦ የተገጠመላቸው መተንፈሻዎች ይተው። ምስጥ በድንጋዩ ላይ የጭቃ ቱቦ ሠርቶ ነው የሚወጣው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ባትሪ ይዞ የገባ ሰው ቱቦውን በጣቱ ያፈርሰዋል፣ መድኃኒትም በጊዜ ያስረጫል። ብዙ ሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ለአጥር ቋሚ ይሁን። ከሳሎን ሥር ግን ሽታው ለዓመታት ይወጣል፣ ወደ ላይ የሰረገው ዘይትም ቫርኒሽ አያስይዝም።

ምቱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ጥሩ አናጺ ያውቀዋል። የምስማሩ ርዝመት የጣውላውን ውፍረት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሁን። በጣውላው ምላስ፣ ማለትም ከጎኑ ወጥቶ በቀጣዩ ጣውላ ቦይ ውስጥ በሚገባው ጠርዝ በኩል አጋድሞ የተመታ ምስማር ከላይ አይታይም። ባሕር ዛፍን ቀድመው በቀጭን መብሻ ካልበሱት ይሰነጠቃል። በግድግዳው ዙሪያ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ክፍተት ይተው፤ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። አናጺው «ለምን አላጣብቀውም?» ካለ ክረምቱ እንዲያብጥበት እንደሆነ ይንገሩት። ዞኮሎውም ከግድግዳው እንጂ ከወለሉ ጋር አይመታ።

ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፦ መጀመሪያ ሻካራው 40 ቁጥር፣ ቀጥሎ 80፣ በመጨረሻ 120፤ ሁልጊዜ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ። ቁጥር መዝለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ የ40ው ጭረት ግን ቫርኒሽ ሲቀባ እንደ ድመት ጥፍር ብቅ ይላል። የመጀመሪያውን ቫርኒሽ በጥቂት አኳራጅ አቅጥነው ይቀቡ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ወፈር ይበሉ፣ በመካከላቸው በ220 ቁጥር ዳበስ ያድርጉ። መስኮት ይከፈት። ዕጣን፣ ሲጋራ፣ ከሰል በዚያ ቤት አይግባ። የተልባ ዘይት የሚመርጥ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፦ በዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ዘርግተው ውጭ ያድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ይንከሩት።

የኛ ቤት ወለል ትልቁ ፈተና ግን ቡና ነው። እርጥብ ቄጠማ ጎዝጉዞ ለሁለት ሰዓት መተው ቫርኒሹ በሳሳበት ሁሉ ጥቁር ነጠብጣብ ያወርሳል፤ ፍም ያዘለ ማንደጃ ያለ ጉዝጓዝም ቢሆን ከሥሩ ያለውን እንጨት ያከስለዋል። ቡና አይቅር አላልኩም! ለማንደጃው ድንጋይ ወይም ሴራሚክ ከሥሩ ይሁን፤ ቄጠማው በሰሌን ላይ ይጎዝጎዝ፣ እንግዳ ሲሸኝ ይነሳ። ሌላው ጠላት ቀዩ አፈር ነው፤ በጫማ የገባ አሸዋ እንደ 40 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ከበሩ ውጭ ጫማ መጥረጊያ፣ በየቀኑ ለስላሳ መጥረጊያ፣ በሳምንት በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ። እንደ ሊሾ ባልዲ ውሃ የሚደፋ ሠራተኛ ወይም አማት ካለ በትሕትና ባልዲውን ይቀበሉ።

በጥር የሚከፈተውን ቀጭን ክፍተት በስቱኮ አይድፈኑት። ነሐሴ ላይ ጣውላው ሲያብጥ ስቱኮው መሄጃ ያጣል፤ ወይ ራሱ ይፈነቀላል፣ ወይ ጣውላውን ይገፋል። ክፍተቱን በነሐሴም ይለኩት፤ ያኔም ካልጠበበ ብቻ ይጠግኑ።

የአጎቴን ወለል ሁለት ክረምት አሳልፈን ሚያዝያ ላይ ነቀልነው። ከየሦስቱ ጣውላ የአንዱ ምላስ ተሰበረ፤ በመላጊያ አስተካክለን በፊት ለፊት ምስማር መታናቸው። አጠጋግተን ግድግዳው ጋ ስንደርስ 16 ሳንቲሜትር ባዶ ቀረ። አንድ ሙሉ ጣውላና አንድ በቁመቱ የተሰነጠቀ ጣውላ ጨመርንበት፣ አጎቴም እነሱን ራሱ መዘናቸው።