በዘመነ ጽጌ ወደ መናገሻ ሱባ፤ አፈ ታሪክ ለምእመን ምን ያስተምራል?



በአገራችን የወቅቶች አቈጣጠር ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ጊዜ መጸው ይባላል። ዝናሙ ያባራል፥ ጭቃው ይደርቃል፥ ምድርም በአበባ ትሸፈናለች። ቤተ ክርስቲያናችን በግእዝ ሥርዓተ አምልኮ የዚህን ወቅት የመጀመሪያ አርባ ቀናት፥ ማለትም እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉትን፥ ዘመነ ጽጌ ብላ ትጠራቸዋለች፤ እመቤታችን ሕፃኑን ኢየሱስን ይዛ ከቅዱስ ዮሴፍ ጋር ወደ ግብፅ መሰደዷንም ታስብባቸዋለች። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት በእግር መጓዝ መናፈስ ብቻ ሳይሆን መታሰቢያም ነው።

በአብነትና በአካባቢው የምንኖር ምእመናን ከወጣቶቻችን ጋር ባለፈው ዘመነ ጽጌ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ተጉዘን ነበር። ይህ ጽሑፍ የጉዞውን ዝርዝር ለመተረክ የታሰበ አይደለም፤ በመንገዳችን ላይ የተነሣውን አንድ ጥያቄ መነሻ በማድረግ ለወጣት ማኅበራት የቀረበ ትምህርት ነው።

1. ስለ ቦታው

ከአብነት አደባባይ ተነሥቶ በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና በኩል ዓለም ገናን አልፎ ሰበታ የደረሰ መንገደኛ የወጨጫን ተራራ ከፊቱ ያገኘዋል። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ 3,385 ሜትር ከፍታ አለው። የመናገሻ ሱባ ደን የሚገኘው በዚህ ተራራ ምዕራባዊ ገጽታ ላይ ነው። በታችኛው ክፍል የሐበሻ ጥድ፥ ዝግባና ወይራ ይበዛሉ፤ ከፍ ሲሉ ኮሶ፥ ወደ ጫፉ ሲቃረቡም አስታ ይታያል። ጉሬዛ በቅርንጫፎቹ ላይ ይዘላል፤ የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ጥቁር ድኩላም በጥላው ውስጥ ይኖራል።

ስለ ደኑ አመጣጥ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረው ትረካ ይህ ነው፦ በ15ኛው ምእት ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ባዩ ጊዜ አዘኑ፤ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር እንዲመጣና በወጨጫ ላይ እንዲተከል አዘዙ። መናገሻ የሚለው ስምም በአቅራቢያው ነገሥታት ዘውድ ከመጫናቸው የመጣ ነው ይባላል። ደኑን ከአፍሪቃ ጥንታዊ ጥብቅ ደኖች አንዱ አድርገው የሚጠቅሱት ሰዎች መነሻ የሚያደርጉት ይህንኑ ትረካ ነው።

2. የቀረበው ጥያቄ

የጉዞው መሪ ይህን ትረካ እንደ ጨረሰ አንዲት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፥ «ይህ ነገር ተጽፎ ይገኛል ወይስ ሲባል የሰማነው ብቻ ነው? ሲባል የሰማነው ከሆነ ስለ ምን እንደ እውነት እንናገረዋለን? በቤተ ክርስቲያን የምንሰማውስ ሁሉ እንደዚሁ አለመሆኑን በምን እናውቃለን?» ስትል ጠየቀች። ከታላላቆቹ አንዳንዶቹ ጥያቄው ድፍረት መሰላቸውና ሊገሥጿት ቃጡ።

ልጅቷን ዝም ማሰኘት ቀላል ነበር። ነገር ግን ዛሬ ዝም የተሰኘ ጥያቄ ነገ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭ ሌላ መልስ ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ተቀምጠን ጥያቄውን በየክፍሉ ለይተን ተመለከትነው።

3. ሦስት ዓይነት ትረካዎች

ሀ) የእምነት ምስክርነት፦ ቅድስት ቤተሰብ ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብፅ መውረዷን የነገረን ወንጌላዊው ማቴዎስ ነው (ማቴ. 2፥13-15)። ይህን የምንቀበለው ደስ የሚያሰኝ ታሪክ ስለ ሆነ ሳይሆን፥ ቤተ ክርስቲያን በመንፈስ ቅዱስ ምሪት እንደ ተጻፈ የእግዚአብሔር ቃል አድርጋ ስለ ሰጠችን ነው።

ለ) በማስረጃ የተደገፈ ታሪክ፦ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን፥ በ1441 እ.ኤ.አ.፥ በኢየሩሳሌም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት የተላኩ ልዑካን ወደ ፍሎሬንስ ጉባኤ ሄደው በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኤውጄንዮስ አራተኛ ፊት ቀርበዋል። ይህን የምናውቀው በዘመኑ ከተጻፉ ሰነዶች ነው። ሰነዱ ይመረመራል፥ ከሌላው ጋር ይነጻጸራል፥ ስሕተት ቢገኝበት ይታረማል።

ሐ) አፈ ታሪክ፦ ሕዝብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያቆየው ትረካ ነው። እመቤታችን በስደቷ ጊዜ በርሃብ ስትደክም ዘንባባ ጎንበስ ብላ ፍሬዋን እንደ ሰጠቻት የሚናገረው ታሪክ በቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር ውስጥ አልገባም። በጣና ቂርቆስ ሦስት ወር ከዐሥር ቀን እንደ ተቀመጠች የሚነገረውም የአገራችን ትውፊት ነው። እነዚህን መስማትና መውደድ ይፈቀዳል፤ ከወንጌል ጋር እኩል ማድረግ ግን አይገባም።

ቤተ ክርስቲያን ይህን መለየት አትፈራም። ቦላንዲስቶች የሚባሉት የኢየሱሳውያን ማኅበር ሊቃውንት ከ17ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ የቅዱሳንን ገድል እየመረመሩ፥ የተረጋገጠውን ከተጨመረው ለይተው ሲያሳትሙ ኖረዋል። ይህን ያደረጉት ቅዱሳንን ስለ ናቁ አይደለም፤ እውነት ለቅዱሳን ክብር እንጂ ጉዳት ስለማይሆን ነው። እንግዲህ የተማሪዋ ጥያቄ ድፍረት ሳይሆን የዚሁ ትጋት ታናሽ እኅት ነበር።

በአንጻሩም፥ አፈ ታሪክ ነው ብሎ መናቅ ተገቢ አይደለም። በወጨጫ ዙሪያ የሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ የኦዳን ዛፍ ማክበሩ፥ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ጥንታዊ ዛፎችን በቅጥራቸው ውስጥ ማቆየታቸው በየራሱ ትውፊት የተደገፈ ነው። የጎረቤትን ትውፊት በአክብሮት ማዳመጥ የራስን እምነት አያሳንስም።

4. የተሰበረው ጥድ

ውይይቱን ጨርሰን ስንነሣ ከወጣቶቻችን አንዱ አቀበቱን የሚወጣበት ምርኩዝ ፈልጎ አንድ ቀጭን የጥድ ችግኝ ሰበረ። የደን ጠባቂው ሽማግሌ ድምፁን ሰምተው መጡ። ሁላችንም ቁጣ ጠበቅን።

«ስንት ዓመትህ ነው ልጄ?» አሉት።

«ዐሥራ ሰባት፥ አባባ።»

«ይህም ከአንተ ብዙ አያንስም ነበር» አሉና በትሩን ተቀብለው አገላብጠው ካዩት በኋላ መለሱለት። «ይዘኸው ሂድ። መንገድ ላይ እንዳትጥለው።»

ልጁ አንገቱን ደፋ፤ እኛም አብረን አፈርን። ንጉሡ ጥዱን በእርግጥ አስተክለው እንደ ሆነ ከግማሽ ሰዓት በላይ የተከራከርን ሰዎች፥ በገዛ እጃችን ምን እንደምናደርግ አላስተዋልንም። አፈ ታሪኩ ስለ ንጉሡ ያረጋገጠልን ነገር ባይኖርም ስለ እኛ ግን አንድ ነገር አረጋገጠ።

የትረካው ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለሚያድግ የተከለው ሰው ራሱ ይቆርጠዋል፤ ተቆርጦም መልሶ ያቈጠቍጣል። አዲስ አበባንም ከማገዶ እጦት አድኗታል። የሐበሻ ጥድ ግን እንዲህ አይደለም። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ምስጥ የማይደፍረው እንጨቱ ለቤትና ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶ የሚደርሰው የተከለው ሰው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥድ ያስተከለ ንጉሥ ታሪክ፥ በዓይኑ ለማያየው ትውልድ ያሰበ ሰው ታሪክ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህን ያስተምራሉ። እግዚአብሔር ሰውን በኤደን ገነት ያኖረው ምድሪቱን እንዲያለማትና እንዲጠብቃት ነበር (ዘፍ. 2፥15)፤ ማልማት ብቻ ወይም መጠበቅ ብቻ አልተባለም። አብርሃምም በቤርሳቤህ እንግዳ ሆኖ ሳለ ዛፍ ተክሎ በዚያ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቷል (ዘፍ. 21፥33)። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ውዳሴ ላንተ ይሁን» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፥ የሰው ሕይወት ከእግዚአብሔር፥ ከባልንጀራና ከምድር ጋር ባለው ግንኙነት ላይ የቆመ መሆኑን፥ አንዱ ሲበላሽ ሌላውም እንደሚጎዳ አስተምረዋል። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ካቶሊካውያን ነሐሴ 26 ቀን አካባቢ ስለ ፍጥረት ጥበቃ ይጸልያሉ፤ የፍጥረት ወቅት የሚባለውም የሚፈጸመው በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በዓል፥ ዘመነ ጽጌ ሊገባ ሁለት ቀን ያህል ሲቀረው ነው።

5. ማጠቃለያ

በትሩ ዛሬ በመሰብሰቢያ ክፍላችን ጥግ ቆሟል። ልጁ መንገድ ላይ አልጣለውም። ለተማሪዋም የሰጠናት መልስ ይህ ነው፦ ወንጌልን እናምናለን፤ ታሪክን እንመረምራለን፤ አፈ ታሪክን ግን እውነት ነውን ብለን ከጠየቅን በኋላ ከእኛ ምን ይፈልጋል ብለንም እንጠይቃለን። የሰፈራችን ስም አብነት ነው። አብነት ማለት አይተው የሚከተሉት ምሳሌ ነው። የዘርአ ያዕቆብ ትረካ ማስረጃ ሆኖ ባይቀርብ አብነት ሆኖ ይቀርባል፤ አብነትም የሚጠቅመው የሚከተለው ሲገኝ ነው። በሚመጣው ክረምት እያንዳንዱ ተጓዥ አንድ የሐበሻ ጥድ እንዲተክል፥ በበጋም ውኃ እያጠጣ እስኪጸና እንዲንከባከበው ተስማምተናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የሚነገር አንድ አፈ ታሪክ ንገሩ። የሚሰማው ሰው ምን እንዲያደርግ ይፈልጋል?

2. አንድ ወጣት ስለ እምነቱ ሲጠይቅ በቁምስናችሁ ምን ዓይነት መልስ ይሰጠዋል?

3. ፍሬውን እኛ የማናየው፥ ልጆቻችን ግን የሚያዩት ምን ሥራ ጀምረናል?

በስደቷ ጊዜ በዛፍ ጥላ ያረፈችው እመቤታችን፥ ለሚመጡት መንገደኞች ጥላ የምናቆይ እንድንሆን ታማልደን። አሜን።