አየር የሚለካው ትንሽ ሣጥን ምን ያያል? ምንስ አያይም?



የዚህን ወር ርዕስ የመረጠችልኝ መካኒሳ በምሠራበት ፋርማሲ የምትመላለስ አንዲት እናት ናት። የ7 ዓመት ልጇ አስም አለበት። ባለፈው ሰሞን መድኃኒቱን ልትወስድ መጥታ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። «እህቴ፣ ስልኬ የዛሬው አየር 137 ነው ይላል። ጎረቤታችን ወንድሙ ከውጭ የላከለት መለኪያ አለው፣ እሱ ደግሞ 50 ነው አለኝ። የቱን ልመን? ልጁን ትምህርት ቤት ልላከው ወይስ ላስቀረው?» አለችኝ።

ሁለቱም እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ ስነግራት ገረማት። ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤቷ መሣሪያ የሚያሳየው በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ውስጥ ስንት ማይክሮ ግራም ደቃቅ ብናኝ እንዳለ ነው። ስልኳ ግን ይህንኑ መጠን ከ0 እስከ 500 በሚደርስ የአሜሪካኖች የአየር ጥራት መለኪያ መንዝሮ ያሳያል። 50 ማይክሮ ግራም በዚያ መለኪያ ሲመነዘር ወደ 137 ይሆናል። ስለዚህ ቁጥር ከማነጻጸራችን በፊት ቁጥሩ የምን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። በተጨማሪም ስልክ ላይ የሚመጣው ቁጥር ሁልጊዜ ከሠፈራችን የተለካ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከሳተላይትና ከአየር ጠባይ ስሌት የተገኘ ግምት ነው።

ደቃቅ ብናኝ ያልነው ባለሙያዎች «ፒ ኤም 2.5» የሚሉትን ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር ያነሰ፣ የአንድ ጸጉር ውፍረት አንድ ሠላሳኛ ገደማ የሆነ ቅንጣት ማለት ነው። ትልልቁ አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ በአክታና በንፍጥም ይወጣል። ደቃቁ ግን እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይዘልቃል፣ ከዚያም ውስጥ ጥቂቱ ወደ ደም ያልፋል። አስም መቀስቀሱን ብዙዎቻችን እናውቃለን። የልብ ሕመምና ስትሮክ እንደሚያስከትል፣ የሕፃናትን የሳንባ ምች እንደሚያባብስና ከነፍሰ ጡሮች ክብደታቸው የቀነሰ ልጆች እንዲወለዱ ምክንያት እንደሚሆን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት የዓመቱ አማካይ ከ5፣ የአንድ ቀኑ ደግሞ ከ15 ማይክሮ ግራም መብለጥ የለበትም።

አዲስ አበባስ የት ላይ ናት? እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2016 በጥቁር አንበሳ ግቢ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የተደረገ ጥናት አማካዩ ከ50 ማይክሮ ግራም በላይ መሆኑን አሳይቷል። ይህም ከዓመታዊው ወሰን አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። ከብናኙ ከሩብ በላይ የሚሆነው ከተሽከርካሪ የወጣ ሲሆን የማገዶና የከሰል ጭስ፣ የመንገድና የአፈር አቧራም ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። የኛ ሠፈር ለሦስቱም ቅርብ ነው። የቀለበት መንገዱ በአጠገባችን ያልፋል፣ ከጀርመን አደባባይ እስከ ጀሞ ከባድ መኪና አይጠፋም፣ ግንባታውም አላቆመ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን የቀጠፈው የቆሼ ቆሻሻ ክምር አለ።

ወደ መለኪያዎቹ እንመለስ። በከተማችን ለሕዝብ ክፍት ሆነው በየሰዓቱ ቁጥር ይሰጡ ከነበሩት መለኪያዎች ዋነኞቹ የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ያስተከላቸው ሁለቱ ነበሩ። አንዱ በኤምባሲው ግቢ፣ ሌላው ከኛ በማይርቀው በብሉይ ኤርፖርቱ ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩል ነበር። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. ከመላው ዓለም ኤምባሲዎቹ ይሰጥ የነበረውን የአየር መረጃ ለሕዝብ ማሰራጨት አቆመ። የራሳችንን ሳንባ በሌላ ሰው መለኪያ ስንጠብቅ መኖራችንን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። እንዲህ ዓይነቱ ትክክለኛ ጣቢያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። አሁን በየሠፈሩ ብቅ ብቅ እያለ ያለው ትንሹ ስማርት ሴንሰር ግን ከ200 እስከ 300 ዶላር ይገኛል፤ ከዚያም የረከሰ አለ።

ትንሿ ሣጥን የምትሠራው በቀላል ዘዴ ነው። ትንሽ ማራገቢያ አየር ወደ ውስጥ ትስባለች፤ የሌዘር ብርሃን በአየሩ ውስጥ ያልፋል፤ ብናኙ ብርሃኑን ሲበትነው ዳሳሹ ብልጭታውን ይቆጥራል። ከዚያ «ይህን ያህል ብልጭታ ይህን ያህል ማይክሮ ግራም ይሆናል» ብሎ ያሰላል። በዋይፋይ የሚገናኝ ከሆነ ቁጥሩን በየደቂቃው ወደ ስልክ ይልካል። ስማርት መባሉም ለዚህ ነው።

ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል። መሣሪያው የሚያየው ብርሃን እንጂ ክብደት አይደለም። በክረምት ጭጋግ ሲሆን ብናኙ እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። በተቃራኒው የበጋው የመንገድ አቧራ ሻካራ ስለሆነ አብዛኛው ያመልጠዋል። ከመኪና ኋላ በተነሣ አቧራ ዓይናችን እየተለበለበ ሣጥኗ «ደህና ነው» ልትል ትችላለች። ስለዚህ «ዛሬ 43 ነው፣ ትናንት 46 ነበር» እያሉ መጨነቅ ዋጋ የለውም። የመሣሪያው ጥቅም አንድን ቦታ ከሌላ ቦታ፣ አንድን ሰዓት ከሌላ ሰዓት ማነጻጸሩ ላይ ነው፤ በዚህ እኔም እተማመንበታለሁ።

በከተማችን በተደረጉ ልኬቶች ብክለቱ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል። አንደኛው ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት በሚወጣበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ከመግሪብ ጀምሮ ባለው የምሽቱ የመኪና ግርግርና የማብሰያ ሰዓት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ብርዳማ ሌሊቶች ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ስለሚያድር ጭሱን አፍኖ ይይዘዋል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ይበተናል። ኅዳር 12 ደግሞ ለብቻው መነሣት ያለበት ቀን ነው። በ1911 ዓ.ም. ከተማችንን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ወዲህ በየዓመቱ በዚያ ቀን ቆሻሻ ይቃጠላል። ማጽዳቱ መልካም ነበር። ነገር ግን የዛሬ ቆሻሻ ፕላስቲክ ስለበዛበት ጭሱ የያኔው ጭስ አይደለም። አስም ያለበት ሰው በዚያ ምሽት መስኮት ዘግቶ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

ከጎረቤትየው መሣሪያውን ለሁለት ቀን ተውሼ ቤቴ ሞከርኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ዑድ ሳጨስ ቁጥሩ ወዲያው ተሰቀለ፤ ከአስፋልቱ ዳር ከለካሁት በላይ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ፤ ሽታውን እወደዋለሁ። መስኮትና በር ስከፍት ግን ብዙም ሳይቆይ ወረደ። ሽቶና ንጽሕና የተወደዱ ናቸው፤ ዑዱን ተዉ ማለቴ አይደለም። በቤትም ሆነ በመስጂድ ሰው ከመሰብሰቡ ቀደም ብሎ ማጨስና መስኮት መክፈት ይቻላል። ጁሙዓ ዕለት በጠባብ መስጂድ የመጀመሪያው ሶፍ ላይ የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ አባቶቻችን መሆናቸውንም አንርሳ።

ከዚያ ለቡና ከሰል አቀጣጠልኩ። መጀመሪያ ሲጨስ ቁጥሩ ወጣ። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ ቁጥሩም ቀስ በቀስ ወረደ። አንባቢዬ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ! ሰው የሚሞተው በዚህ ጊዜ ነውና። ፍም የሆነ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ጉልበት ደም ላይ ስለሚጣበቅ ሰውነት ኦክስጅን ያጣል። ብናኝ የሚቆጥረው ሴንሰር ጋዙን ፈጽሞ አያየውም። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ አረንጓዴ መብራት እየበራ ቤቱ መርዝ ሊሞላ ይችላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሌላ መሣሪያ ነው፤ ቢገኝ ጥሩ ነው። ከሰል ግን መሣሪያ ኖረም አልኖረም ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ቤት ውስጥ ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከያዛቸው በሩን ከፍታችሁ ወደ ውጭ አውጧቸውና በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው። የሚያስፈልጋቸው ኦክስጅን ነው፤ በወተትና በሎሚ ጊዜ አይባክን።

ስለ ጭምብልም ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። የጨርቁ ደቃቁን ብናኝ አይዝም ማለት ይቻላል፤ የሐኪሞቹ ቀጭን ጭምብል በጎኑ ስለሚያስገባ ጥቂት ብቻ ይረዳል። «ኤን 95» የሚባለው ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ በትክክል ይከላከላል። ለትንንሽ ልጆች ግን ልክ ስለማይሆን አልመክረውም።

ወደ ልጁ ልመለስ። እናቱን መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ ቁጥሩ ሳይሆን ስለ መድኃኒቱ ነበር። ሐኪሙ ሁለት ፓፍ አዞለታል። አንዱ ሳልቡታሞል ሲሆን ሲያፍነው የሚያስታግስ ነው። ሌላው ቤክሎሜታዞን ሲሆን ጠዋትና ማታ በየቀኑ እየተወሰደ የሳንባውን ቁጣ የሚያበርድ ነው። «ሱስ ይሆንበታል ብለው ስለነገሩኝ ሁለተኛውን ትቼዋለሁ» አለችኝ። ሱስ አይሆንም። የብክለት ቀን ልጁን የሚጥለው ይህንኑ በማቋረጡ ነው። አፉን ከወሰደ በኋላ በውሃ ይጉመጥመጥ፣ ያ ብቻ በቂ ነው። ለጾመኛ አዋቂዎችም ይህ መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚወሰድ ከሱሑርና ከኢፍጣር ጋር ማስማማት ይቻላል። ማስታገሻው በቀን ቢያስፈልግ ስለ ጾሙ ዑለማዎችን ጠይቁ፤ እየታፈናችሁ ግን መድኃኒቱን አታዘግዩ።

ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በዋናው አስፋልት ፈንታ በውስጥ ለውስጡ መንገድ እንዲሄድ ተስማማን። ጎረቤትየው ሁለቱንም መንገዶች በጠዋት ለክቶ የውስጡ የተሻለ መሆኑን አይቷልና። ማስታገሻው በቦርሳው ኪስ ይቀመጣል፣ መምህርቱም የት እንዳለ ታውቃለች። ቁጥሩ በጣም በሚወጣበት ቀን ደግሞ ከሜዳ ሩጫ ይቀራል። እናትየው ይህን ሁሉ በመድኃኒቱ ካርቶን ጀርባ ላይ አስጻፈችኝና ካርቶኑን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።